ትልቅ ዲናሞ ከመግጠማችሁ በፊት ጀርባውን እዩት

ሰሞኑን በኮምቦልቻ የሚኒባስ ሹፌሮች መካከል አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። እኔ ያየሁት አንድ ደንበኛዬ «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» ብሎ ይዞልኝ ሲመጣ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ባትሪ የሚያስቸግራችሁ፣ ባትሪውን የሚሞላው የፋብሪካው ዲናሞ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ 70 አምፔሩን አውጡና 120 ግጠሙ። ባትሪያችሁ በግማሽ ሰዓት ይሞላል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋና ሽቦው የድሮው ይበቃል። ሞተሩ ላይ የሚጨምረው ጫና የለም። ቮልቱ አነሰ ካላችሁ ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር አታልላችሁ ወደ 15 አስጠጉት። መግጠሚያው እስከገጠመ ድረስ ደግሞ ከየትኛውም መኪና የወጣ ዲናሞ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው የጀልባ ሰዎች ልምድ ነው። ባሕር ላይ በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎች ያሏቸው ሰዎች የናፍጣ ሞተራቸውን ዲናሞ በትልቅ እየቀየሩ ተገላግለዋል ይላል።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ የጻፈው አይመስለኝም። የሹፌሩ ችግር ገብቶታል፤ ንጋት ላይ ባትሪ ሞቶ ካቦ እየለመኑ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከነዚህ ምክሮች አንዱ ሰው ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ እሱ መጨረሻ ላይ ካስቀመጠው እጀምራለሁ።

«ከየትኛውም መኪና የወጣ ዲናሞ ይሆናል» የሚለው ነው።

የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው ሃይኤስ የምትነዱ ሰዎች፣ የፊት ወንበሩን አንሱና ዲናሞውን እዩት። ፊቱን አይደለም፣ ጀርባውን። ከኋላው ክብ የብረት ነገር ተጣብቋል። የዘይት ቱቦ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። አንድ ወፈር ያለ የአየር ቱቦም አለው። ያ ቫኪዩም ፓምፕ ነው፤ አየር መጥጦ ያወጣል። የሚሽከረከረው በዲናሞው ዘንግ ነው፣ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ነው፣ ሥራው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም አይገናኝም። ፍሬን ስትረግጡ ለእግራችሁ ጉልበት የሚጨምረው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በሱ ነው።

ቤንዚን ሞተር ይሄ አያስፈልገውም። አየር በሚስብበት መንገድ ላይ የሚዘጋና የሚከፈት በር ስላለው ራሱ ቫኪዩም ይፈጥራል። የነዚህ የናፍጣ ሞተሮች አሠራር ግን እንደዚያ ስላልሆነ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ፓምፑን ዲናሞው ጀርባ ላይ ሰቀለው። የአንዳንድ አይሱዙ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ይሄንን አውጥታችሁ ከቤንዚን መኪና የወጣ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ 120 አምፔር ብትገጥሙ ምን አገኛችሁ? መብራታችሁ ይደምቃል። ፍሬናችሁ ይደርቃል።

ይሄን በወሬ አይደለም የማወራው። አንድ ሚኒባስ ከሌላ ጋራዥ ተሠርቶ ወጥቶ እኔ ጋ መጣ። ሹፌሩ የመጣው ለሌላ ነገር ነበር፤ የዳሽቦርድ መብራት አልበራ ብሎት። ወደ ውስጥ ላስገባው ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ነው። «ይሄ ፍሬን ምን ሆኗል?» አልኩት። «የፍሬኑ ሸራ አልቆ ይሆናል፣ ከደሴ ስወርድ እግሬን አሞኛል» አለኝ። ወንበሩን አነሳሁ። የሚያብረቀርቅ ዲናሞ ተገጥሟል። የዘይቱ ቱቦ በብሎን ተደፍኖ በሽቦ ታስሯል። የአየሩ ቱቦ አፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ጎን ላይ ተንጠልጥሏል። ይሄ ሰው በዚህ ሁኔታ ሰው ጭኖ ሀረጎን ወርዷል።

ሀረጎን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1850። መሃላቸው ያለው የሀረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ጭጋግ የሚወርድበት ሰዓት አለ። ፊት ለፊት ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል። በማርሽ ይዞ መውረድ ያለ ነው፣ ጥሩ ሹፌር እንደሱ ነው የሚያደርገው። ግን ድንገት ከብት ሲገባ ማርሽ አያቆምም። ያኔ የሚያስፈልገው ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ ሰርቮ ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ቫኪዩም ልዩነት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ፣ እዚህ የሚሰጠን እርዳታ ቆላ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። እኛ ያለንን ቆጥበን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። የምናወጣው ነገር የለንም።

ስለዚህ ዲናሞ ከቀየራችሁ የሚገባው ፓምፕ ያለው ዲናሞ ነው። የዘይት መግቢያና መውጫው የሚገጥም፣ ለዚያው የሞተር ዓይነት የተሠራ። ፓምፑንም ገጣጥሞ መለካት ያስፈልጋል። በተጨማሪ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዲናሞውና በፓምፑ መሃል ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያረጅ ዘይት ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ካርቦን ያበላሸዋል፣ ቻርጅ ማድረግ ያቆማል። ብዙ ሰው «ዲናሞው አቅም አነሰው» ብሎ የሚያመጣልኝ እንዲህ ዓይነቱን ነው። ከፍቼ ሳየው ውስጡ በጥቁር ዘይት ታጥቧል። ያ ዲናሞ ትንሽ አይደለም። ታሞ ነው። ጎማውንና ካርቦኑን ቀይሮ ማጠብ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ። ጸሐፊው ጀልባን ማንሳቱ ጥሩ ነው። እውነትም የሸራ ጀልባ ሰዎች ስለ ዲናሞ ብዙ ያውቃሉ። ግን ለምን እንደሚቀይሩ አልነገረንም።

ትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ያለው የናፍጣ ሞተር አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር ነው። ጉልበቱ ከ10 እስከ 30 ፈረስ አካባቢ። በቆዩት ላይ ፋብሪካው የሚገጥመው ዲናሞ ከ35 እስከ 55 አምፔር ነው። ሰውየው ከወደብ ለመውጣት ሞተሩን ትንሽ ያስነሳል፣ ከዚያ ያጠፋውና ሸራውን ዘርግቶ በነፋስ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ መሪውን የሚይዘው ማሽን፣ የመገናኛ ሬዲዮው ከባትሪ ይበላሉ። ባትሪዎቹ ብዙና ትልልቅ ናቸው። ሞተሩ የሚሠራው ግን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያች አንድ ሰዓት የተበላውን ሁሉ መመለስ አለበት። ለዚህ ነው ትልቅ ዲናሞ የሚፈልገው። የጎደለው ጊዜ ነው፤ በአምፔር ሊገዛው ይሞክራል።

የኛ ሚኒባስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስከ ምሽት ይሠራል። ጊዜ ሞልቶታል። 70 አምፔር ዲናሞ በዚህ ሁሉ ሰዓት ባትሪውን መሙላት ካቃተው የተበላሸ ነገር አለ እንጂ ዲናሞው አንሶ አይደለም።

ደግሞ እነዚያ ሰዎች ዲናሞ ብቻ አይቀይሩም። ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃና ቺንጋውን ይቀይራሉ። ወፍራም ገመድ ይዘረጋሉ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገባሉ። የዲናሞውን ሬጉሌተር ትተው ከውጭ የሚገጠም ሬጉሌተር ያደርጋሉ፤ አንድ የሙቀት መለኪያ ዲናሞው ላይ፣ አንድ ባትሪው ላይ ይለጥፋሉ። ዲናሞው ሲግል ሬጉሌተሩ ራሱ ይቀንሰዋል። ይሄን ሳያደርጉ ሊቲየም ባትሪ ያገናኙ ሰዎች ዲናሞ አቃጥለዋል፤ ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚቀበል ዲናሞው ያለ እረፍት በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ጽሑፉ ይሄን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ «ጀልባዎች ቀየሩ» የምትለዋን ብቻ አስቀረ። በዚያ ላይ ጀልባ ፍሬን የለውም። የጀልባ ዲናሞ ጀርባ ላይ ፓምፕ ቢጠፋ ማንም አይጎዳም።

«በግማሽ ሰዓት ይሞላል» የሚለው አይሆንም። ዲናሞ ባትሪ ውስጥ በግድ አይጨምርም፣ ባትሪው የሚቀበለውን ያህል ነው የሚወስደው። ደሴ ውሃ የሚቀዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የጀሪካኑ አንገት ጠባብ ከሆነ ቧንቧውን ብታሰፋው ውሃው መሬት ይፈሳል እንጂ ቶሎ አይሞላም። ውሃ የሚጨመርበት፣ መጠኑ 70 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ ጎድሎ ሲገናኝ ተስማምቶት የሚቀበለው ከአቅሙ ሩብ ገደማ ነው፤ 17 ወይም 18 አምፔር በሉት። ከመቶ 80 ሲደርስ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። የመጨረሻዋ አምስተኛ እጅ ለብቻዋ ብዙ ሰዓት ትፈልጋለች። ዲናሞው 70 አምፔርም ይሁን 120፣ ያቺ የመጨረሻ ክፍል የምትወስደው ጊዜ ያው ነው።

«የፋብሪካው ትንሽ ነው» ለሚለው ደግሞ አብረን እንደምር። የፊት መብራት ሁለት አምፖል፣ 110 ዋት። የኋላና ትንንሾቹ መብራቶች 40። የአየር ማራገቢያ 100። ዝናብ ከሆነ መጥረጊያው 60። ሙዚቃው ከነማጉያው 100 እንበለው። አሥር ተሳፋሪ ስልክ ቢሰካ ሌላ 100። ሲደመር 510 ዋት ነው። በ14 ቮልት ስናካፍለው ወደ 36 አምፔር ይመጣል። 70 የተጻፈበት ዲናሞ ሲግል እስከ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። እሺ፣ ያጣ። 52 ይቀረዋል። አሁንም ይበቃል፣ ለባትሪውም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው እውነት አለ። መናኸሪያ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ መብራቱ በርቶ ሲቆም ዲናሞው አይበቃም። ትክክል ነው። በዝቅተኛ ዙር ዲናሞ ከተጻፈበት ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ግን መፍትሔው 120 የተጻፈበት መግዛት አይደለም። አንዳንድ ዲናሞ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፣ ለምሳሌ 50 ከዚያ 120። ትንሹ ቁጥር በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው ነው፤ ትልቁ በከፍተኛ ዙር። ለወረፋው የሚጠቅማችሁ ትንሹ ቁጥር ነው። ትልቁን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ወረፋ ላይ ከድሮው የባሰ ሊገጥመው ይችላል።

አሁን ያ ጽሑፉን ይዞልኝ የመጣው ደንበኛዬ መኪና ላይ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በስድስት ወር ሁለት ባትሪ ቀይሯል። «አብሽር፣ መጀመሪያ እንለካው» አልኩት። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ባትሪ በቴስተር 12.1 ቮልት አሳየኝ። ሙሉ ባትሪ አድሮ 12.6 አካባቢ ነው የሚሆነው፤ 12.1 ማለት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል ማለት ነው። አስነሳነው። መብራቱንና ማራገቢያውን አበራን። ዲናሞው ላይ ለካሁ፦ 14.2። ደህና ነው። ባትሪው ላይ ለካሁ፦ 13.3። መንገድ ላይ 0.9 ቮልት ጠፍቷል።

የት ጠፋ? የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው ቅርፊት ላይ አደረግሁ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 0.6 አሳየ። ከባትሪው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ተከተልኩት። ብሎኑን ስፈታው የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ሮንዴላው በእጄ ላይ ተሰባበረ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግሁት፣ አዲስ ሮንዴላ አደረግሁ፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ግሪስ ቀባሁት። የባትሪውን ተርሚናሎች በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩ። መልሰን ለካን። ባትሪው ላይ 14.0። ዲናሞው ያው የድሮው ነው። ሹፌሩ ቁጥሩን እያየ ዝም አለ፤ ከዚያ «የሁለት ባትሪ ገንዘብ በዝገት ሄደ» አለ።

ቺንጋውንም እዩ። መሃሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው መግባት ያለበት። የላላ ቺንጋ ንጋት ላይ ይጮኻል፣ ባትሪም አይሞላም። ፓምፑም በሱ ስለሚዞር ፍሬኑም አብሮ ይደክማል። ቺንጋ ጩኸትና ጠንካራ ፔዳል አብረው ከመጡ ነገ አትበሉ።

«የድሮው ቺንጋና ሽቦ ይበቃል» የሚለውን በቁጥር እመልሳለሁ። ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጠላ ቺንጋ በአስተማማኝ የሚጎትተው እስከ 80 አምፔር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ጥቁር ዱቄት ይረጫል። እንዳይንሸራተት ከመጠን በላይ ሲወጥሩት ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላዋል፤ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፕም የሚያዞር ከሆነ እሱንም። ሽቦውስ? ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 90 አምፔር ቢያልፍበት ግማሽ ቮልት ያጠፋል። ወደ 47 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ የአንድ የፊት መብራት አምፖል ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ያ ሙቀት ወንበራችሁ ሥር፣ ከነዳጅ ቱቦ ጋር ነው ያለው። ባለ 25 ካሬ ገመድ ብትዘረጉ ኪሳራው ወደ 0.12 ይወርዳል። ፊውዙ ደግሞ ባትሪው ጋ ነው የሚቀመጠው፤ ገመዱ ተፋፍቆ ቦዲ ቢነካ እሳቱን የሚያመጣው ባትሪው ነውና።

ስለ ሞተር ጫና ብዙ አልልም። 100 አምፔር በ14 ቮልት 1400 ዋት ነው። ዲናሞ ከሚወስደው ጉልበት ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ያባክናል። ስለዚህ ከሞተሩ ከሦስት ፈረስ ጉልበት በላይ ይበላል። ለአንድ ሲሊንደር ጀልባ ሲሦው ማለት ነው። ለሃይኤስ ቀላል ነው፣ አየሩ በሳሳበት በሀረጎ ዳገት ላይ ግን ይሰማል። ጸሐፊው «ጫና የለም» ያለው ልክ የሚሆነው አምፔሩን ካልተጠቀምንበት ነው። ካልተጠቀምንበት ደግሞ ለምን ገዛነው?

ሬጉሌተሩን አታልሎ 15 ቮልት ማድረግን ግን እባካችሁ ተዉት። ባትሪ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት ገደማ። ደሴ በብርድ ጠዋት ተስተካክሎ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና 25 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው ከግማሽ ቮልት በላይ መቀነስ ነበረበት። እናንተ ጨምራችሁለታል። የባትሪው ውሃ ይፈላል፣ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይራቆታሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በእሳት ብልጭታ የሚፈነዳ ነው።

ሳልረሳው፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ተርሚናል ነቅሎ ዲናሞ መፈተሽ የተለመደ ነው። ታላላቆቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን። በድሮው ዲናሞ ያስኬድ ነበር። በአሁኑ ግን ባትሪው ድንገት ሲነቀል የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዲዮድ ሊያቃጥለው ይችላል። ቴስተር አለ፣ በሱ ለኩ።

ትልቅ ዲናሞ በእውነት የሚያስፈልገው መኪና አለ። ወንበሩን አውጥቶ ፍሪጅ የጫነ፣ አምቡላንስ፣ ከኋላ ሁለተኛ ባትሪ ያለው። እሱ ይምጣ፣ እንሠራለታለን፤ ፓምፕ ያለው ዲናሞ፣ ሰፊ ቺንጋ፣ ወፍራም ገመድ፣ ፊውዝ፣ አብሮ።

በጽሑፉ ተመክራችሁ ዲናሞ ያስቀየራችሁ ሹፌሮች ደግሞ ነገ ጠዋት ሳትነሱ ይቺን አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ። ፔዳሉ ጠንካራ ይሆናል። እግራችሁን ሳታነሱ፣ እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ሰው አትጫኑ፣ ወደ ሀረጎም አትውረዱ። ወንበሩን አንስታችሁ የዲናሞውን ጀርባ እዩት።